ሾርት ሴል ላይ ኦፈር ሲመጣልዎ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሥራዬ ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ቤት ማሻሻጥ ነው፤ እነዚህ በስልክም፣ በቤተ ክርስቲያን ግቢም፣ ቡና ላይም ደጋግመው የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ናቸው።

ሾርት ሴል ምንድን ነው? ከፎርክሎዠር በምን ይለያል?

ቤቱ ቢሸጥ የሚያወጣው ዋጋ ካለብዎ ዕዳ ያንሳል። ባንኩ ደግሞ ሙሉ ገንዘቡን ካላገኘ መያዣውን ያለመልቀቅ መብት አለው። ባንኩ ጎዶሎውን ተቀብሎ ቤቱን ለገዢ ሲለቅ ያ ሾርት ሴል ነው። ፎርክሎዠር ላይ ግን ቤቱን በሀራጅ የሚያሸጠው ባንኩ ነው፤ እርስዎ ዋጋውንም ቀኑንም አይወስኑም።

ከሾርት ሴል ገንዘብ ይዤ እወጣለሁ ብለው አያስቡ። የሚይዙት ወረቀት ነው፤ ዕዳው ተዘግቷል የሚል ደብዳቤ። ስለዚህ ኦፈር (ገዢው የሚያቀርበውን ዋጋና ውል) ሲመርጡ የሚመርጡት እዚያ ወረቀት ድረስ የሚያደርስዎትን ገዢ ነው።

ክፍያው ከብዶኛል፤ የቤቱም ዋጋ ወርዷል። የግድ ሾርት ሴል ያስፈልገኛል?

ላያስፈልግዎ ይችላል። መጀመሪያ ባንክዎ ጋ ደውለው የፔይኦፍ ደብዳቤ (ብድሩን ለመዝጋት የሚያስፈልገውን ሙሉ ገንዘብ የሚገልጽ) ያስልኩ። የወር ቢልዎ ላይ ያለው ቀሪ ብድር ሙሉው ዕዳ አይደለም፤ ያልተከፈለ ወለድ፣ ቅጣትና የጠበቃ ወጪ ሊጨመርበት ይችላል። ከዚያ ሰፈርዎ ውስጥ ሰሞኑን የተሸጡ ቤቶችን ይመልከቱ። ለሽያጭ የወጡትን አላልኩም፤ የተሸጡትን። ከሚገመተው ዋጋ ላይ ኮሚሽንና የክሎዚንግ (ሽያጩ በፊርማ የሚዘጋበት) ወጪ ተቀንሶ ዕዳውን የሚሸፍን ከሆነ ነገሩ ተራ ሽያጭ ነው፤ የሚተርፈውም የእርስዎ ነው።

ይህን የምለው የ2008ቱ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) የቤት ገበያ ውድቀት ትዝታ ብዙ ሰው ስላስበረገገ ነው። በ2005 እና በ2006 በውድ የገዙ ወገኖቻችን በሜሪላንድ ፕሪንስ ጆርጅስና በቨርጂኒያ ፕሪንስ ዊልያም ካውንቲ ምን እንደደረሰባቸው እናውቃለን። ዛሬ ሁለት ወር የዘገየ ሁሉ ግን እዚያ አዘቅት ውስጥ አይደለም። የክፍያ ማስተካከያ ወይም የብድር ውል ማሻሻያ ሊያገኙ ይችላሉ። በፌዴራል መንግሥት የቤቶች መሥሪያ ቤት ፈቃድ ያላቸው አማካሪዎች በነጻ ያስረዳሉ፤ በ888-995-4673 ይደውሉ። ቀድመህ ክፈለኝ የሚልዎትን "ቤት አዳኝ" ግን ይሽሹት። ሕጉ ራሱ፣ ከባንኩ የተጻፈ ስምምነት አምጥቶ እርስዎ ሳይቀበሉ በፊት እንዳያስከፍል ይከለክለዋል። "ስሙን ለጊዜው ወደ እኔ አዙረው" የሚልዎ ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው፤ ቤቱ ሲሄድ ብድሩ እርስዎ ላይ ይቀራል።

ባንኩ ሾርት ሴል እንዲፈቅድ ክፍያ ማቆም አለብኝ?

የግድ አይደለም። ብዙ ባንኮች ገና ሳይዘገዩም፣ መክፈል መቀጠል እንደማይችሉ በማስረጃ ካሳዩ ፋይል ይከፍታሉ፤ ሥራ ማጣት፣ ሕመም፣ ፍቺ፣ የባለቤት ሞት። ጓደኛ "አቁም፣ ያኔ ነው የሚሰሙህ" ስላለ ብቻ አያቁሙ። ያልተከፈለው እያንዳንዱ ወር ክሬዲትዎን ለብቻው ይቀጣዋል።

ኦፈሩን የሚቀበለው ማን ነው? እኔ ወይስ ባንኩ?

ሁለታችሁም፣ በየተራ። ቤቱ በስምዎ እስካለ ድረስ ሻጩ እርስዎ ነዎት፤ መርጠው የሚፈርሙት እርስዎ ነዎት። ውሉ ላይ ግን ሽያጩ የሚጸናው ባንኩ በጽሑፍ ሲፈቅድ ብቻ ነው የሚል አንቀጽ መግባት አለበት። ይህ አንቀጽ ከሌለ እስክሪብቶ አያንሱ። ባንኩ እምቢ ቢል ገዢው ውል አፍርሰዋል ብሎ እርስዎን ሊይዝ ይችላል።

አምስት ኦፈር መጣ ብሎ አምስቱንም ባንኩ ላይ መከመር ብዙ ጊዜ ነገሩን ያዘገየዋል። ባንኩ የሚፈልገው የተፈረመ አንድ ውል ነው። የተሻለውን ይላኩ፣ ቀጣዩን በተጠባባቂነት ይያዙት። ተጠባባቂ ገዢ ማለት ቀልድ እንዳይመስልዎ፤ ፋይሉ ተከፍቶ የመጀመሪያው ገዢ ቢሸሽ፣ ከዜሮ ከመጀመር የሚያድንዎ እሱ ነው።

ሦስት ኦፈር መጣልኝ። ትልቁን ቁጥር ልውሰድ?

ዕዳዎ 460,000 ዶላር፣ ቤቱ የሚያወጣው 390,000 አካባቢ ነው እንበል። አንዱ ገዢ 410,000 አቅርቧል፤ ግን መጀመሪያ የራሱን ቤት መሸጥ አለበት። ሁለተኛው 400,000 ብሏል፤ በኤፍኤችኤ (የፌዴራል መንግሥት ዋስትና ባለው) ብድር፣ 3.5 በመቶ ብቻ ከኪሱ ከፍሎ፣ ለክሎዚንግ ወጪው ደግሞ 12,000 እንዲመለስለት ጠይቋል። ሦስተኛው 385,000 በካሽ፤ ቤቱን እንዳለ ይወስዳል።

ዓይን መቼም 410,000 ላይ ያርፋል። እኔ ግን መጀመሪያ ወደ ጎን የማደርገው እሱን ነው። የእርስዎ ቤት በባንክ ፈቃድ ላይ ተንጠልጥሏል፤ የእሱ ደግሞ በሌላ ገዢ ላይ። ሁለት የተንጠለጠለ ነገር አንድ ቀን አይገናኝም። የ400,000ው ኦፈርስ? ባንኩ የሚያየው 388,000 ነው፤ 12,000ው ተመላሽ ነዋ። ከዚያ የገዢው አበዳሪ የላከው ገማች መጥቶ "390,000 ነው የሚያወጣው" ይላል። ገዢው ልዩነቱን የሚሞላበት ገንዘብ የለውም፤ ዋጋው ይወርዳል። 12,000ው ሲቀነስ 378,000 ቀረ። ገማቹ የተላጠ ቀለም ወይም መደገፊያ የሌለው ደረጃ ካየ ደግሞ "ይጠገን" ሊል ይችላል። ማን ይጠግነው? እርስዎ ገንዘብ የለዎትም፣ ባንኩ አይነካውም። እንግዲህ ወረቀት ላይ በ15,000 ያነሰው ካሽ፣ ባንኩ እጅ ሲደርስ 7,000 ይበልጣል።

ካሽ ሁሌም ይሻላል ማለቴ አይደለም። ካሽ ይዞ 330,000 የሚያቀርብ ነጋዴ አለ፤ ባንኩ ሁለት ወር አቆይቶ አይሆንም ይላል፣ የጠፋው ጊዜ የእርስዎ ነው። 20 በመቶ ከኪሱ የሚያወጣ፣ ብድሩ አስቀድሞ የታየለት ቤተሰብ ከሁሉም ሊሻል ይችላል። ገዢውን ሦስት ነገር ይጠይቁት፦ ገንዘቡ ያለበትን የባንክ ማስረጃ፣ ቀብድ ስንት እንደሚያስይዝ፣ ስንት ቀን እንደሚጠብቅ። መጠበቂያውን በቃል ሳይሆን ውሉ ላይ ያስጽፉት፤ እኔ ከ90 ቀን በታች አልወድም። 1,000 ዶላር ቀብድ ያስያዘ ሰው ሌላ ሦስት ቤት ላይም ኦፈር ሳይኖረው አይቀርም።

አንዲት እናት ኩሽናቸው ጠረጴዛ ላይ አራት ኦፈር ደርድረን መነጽራቸውን አደረጉና ትልቁን በጣታቸው ነኩት። ቀብዱ ትንሽ ነው ብዬ ተከራከርኩ፤ ግን አጥብቄ አልያዝኩም። በሦስተኛው ወር፣ የባንኩ ገማች ቤቱን አይቶ ከሄደ በኋላ፣ ገዢው ሌላ ቤት ገዛ። ከዚያ ወዲህ ቀብዱን ከዋጋው በፊት ነው የማነበው።

ባንኩ መልስ ለመስጠት ስንት ጊዜ ይወስዳል? ሀራጁ ቢቀድምስ?

ከሁለት እስከ አራት ወር የተለመደ ነው፤ ሁለት አበዳሪ ካለ ይረዝማል። የሚያዘገየው ብዙ ጊዜ ተራ ነገር ነው። የደመወዝ ወረቀትና ስቴትመንት ጊዜው ያልፍበታል፤ አዲስ ካልላኩ ፋይሉ "ያልተሟላ" ተብሎ ይቀመጣል፣ ማንም ደውሎ አይነግርዎትም። በየሳምንቱ ይደውሉ። ያነጋገረዎትን ሰው ስምና ቀኑን ደብተር ላይ ይጻፉ።

ሀራጁን በተመለከተ ሁለት ቁጥር ይያዙ፦ 120 እና 37። በፌዴራል ደንብ መሠረት ለሚኖሩበት ቤት ባንኩ ክፍያ ከዘገየ ከ120 ቀን በፊት ፎርክሎዠር መጀመር አይችልም። የተሟላ የሾርት ሴል ማመልከቻ ደግሞ ከሀራጁ ቀን ከ37 ቀን በላይ ቀድሞ ከገባ፣ ባንኩ መልስ ሳይሰጥ ቤቱን ወደ ሀራጅ አይወስድም። "የተሟላ" የሚለው ቃል ላይ ነው ጣጣው። አንድ ገጽ ከጎደለ ጥበቃው የለም። ቨርጂኒያ ያላችሁ በተለይ አትዘናጉ፤ እዚያ ቤት ያለ ፍርድ ቤት ይሸጣል፣ ይፈጥናል። ሜሪላንድ በፍርድ ቤት ስለሚያልፍ ትንሽ ትንፋሽ ይሰጣል።

ባንኩ "ዋጋው ያንሳል" ብሎ ቢመልስስ?

ያ እምቢታ ሳይሆን ድርድር ነው። ባንኩ ቤቱን የሚያስገምተው ራሱ በላከው ሰው ነው። አንዳንዱ ገማች ውስጥ እንኳ ሳይገባ ከመኪናው ሆኖ ፎቶ አንስቶ ይሄዳል፤ ቤዝመንቱ ውኃ እንደሚያስገባ በምን ይወቅ? ኤጀንትዎ ሰውየውን በር ላይ ይቀበለው፣ የሰፈሩን የሽያጭ ዋጋና የጥገና ግምት በእጁ ይስጠው። ጊዜው ካለፈ ደግሞ ፎቶና የኮንትራክተር ዋጋ አያይዞ ግምቱ እንደገና ይታይ ብሎ መጻፍ ይቻላል። ቤቱን አሽሞንሙኖ መጠበቅ የኛ ሰው ልማድ ነው፤ ለገዢ ጥሩ፣ ለባንኩ ገማች ግን ሻጋታውን በምንጣፍ አይሸፍኑበት።

ለእኔ ምንም አይደርሰኝም?

ከሽያጩ ገንዘብ አይደርስዎትም። የኤጀንት ኮሚሽን ከሽያጩ ላይ ነው የሚከፈለው፤ ያም ቢሆን ከኪስዎ አይወጣም። አንዳንድ ፕሮግራም የመዛወሪያ ገንዘብ ይሰጣል፤ የኤፍኤችኤ ብድር ያለበት ቤቱ ውስጥ የሚኖር ባለቤት እስከ 3,000 ዶላር ሊያገኝ ይችላል። ሳይጠየቅ የሚሰጥ ባንክ ግን አላጋጠመኝም፤ ይጠይቁ።

ገዢው "ለሶፋውና ለፍሪጁ 10,000 በጎን ልስጥህ" ካለዎት እምቢ ይበሉ። ከባንኩ የተደበቀ ክፍያ ማጭበርበር ነው፤ ክሎዚንግ ላይም እንዲህ ዓይነት ነገር የለም ብለው ይፈርማሉ።

ስቴትመንቴ ላይ እቁብ አለ፤ አዲስ አበባም ቤት አለኝ። ልናገር?

ይናገሩ። ባንኩ የሁለት ወር ስቴትመንት ሲያይ ድንገት የገባ 15,000 ዶላር ካገኘ "ይህ ከየት መጣ?" ይላል። እቁብ ምን እንደሆነ በአንድ አንቀጽ ያስረዱት፦ በየወሩ የሚጣል፣ በዕጣ የሚደርስ፣ ከደረሰም በኋላ እስከ መጨረሻው የሚከፈል የጋራ ቁጠባ። ዳኛው የፈረመበት ወረቀት ካለ ያያይዙ። ለእናትዎ በየወሩ የሚልኩትም ወጪ ነው፤ ደረሰኙን ያስገቡ።

የሀብት ቅጹ ሌላ ቤት እንዳለዎት ይጠይቃል፤ አሜሪካ ውስጥ ያለ ብቻ አይልም። መደበቅ ሐሰተኛ ሰነድ ላይ መፈረም ነው። የአዲስ አበባው ቤት አለ ማለት ደግሞ ወዲያው ይከለክላሉ ማለት አይደለም፤ ቤተሰብ የሚኖርበት፣ ገቢ የሌለው ከሆነ ያንኑ ይጻፉ።

ወንድሜ ይግዛልኝና እኔ እዚያው ልኑር?

አይሆንም። ባንኩ ገዢና ሻጭ ባዕድ መሆናቸውን፣ ቤቱን መልሶ የመከራየትም ሆነ የመግዛት ስምምነት አለመኖሩን ያስምላል። የአባት ስም ስለሚለያይ አይታወቅም የሚል ሰው ያጋጥማል። ወንጀል መሆኑ ሳያንስ፣ ለወንድምዎም ጭምር ነው ወጥመዱ።

ሁለተኛ ብድር ወይም የኮንዶ መዋጮ ዕዳ ካለብኝስ?

ቤቱ ላይ መያዣ ያለው ሁሉ መፈረም አለበት። ሁለተኛው አበዳሪ ከሽያጩ የሚደርሰው ፍርፋሪ ነው። ፋኒ ሜይና ፍሬዲ ማክ (የቤት ብድር ከባንኮች የሚገዙት ድርጅቶች) ለሁለተኛ አበዳሪ የሚፈቅዱት እስከ 6,000 ዶላር ነበር፤ 60,000 ያበደረው ሰው በዚህ ሊያኮርፍ ይችላል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ሁለቱም ጋ ፋይል ይክፈቱ። የኮንዶ መዋጮና የውኃ ቢል ትንሽ መስለው ክሎዚንግ ያፈርሳሉ። ገዢው አንዳንዴ ይሸፍናቸዋል፤ ኦፈሩ ላይ ቀድሞ ማስገባት ነው እንጂ በመጨረሻው ሳምንት አይደለም።

ቤቱ ከተሸጠ በኋላ ባንኩ ጎዶሎውን ሊጠይቀኝ ይችላል?

አዎ፣ ሊጠይቅ ይችላል። ኦፈሩ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ይህን ሳያጣሩ ክሎዚንግ አይሂዱ። የባንኩ የፈቃድ ደብዳቤ ሁለት የተለያየ ነገር ሊል ይችላል። አንዱ "መያዣዬን ከቤቱ ላይ አነሳለሁ" ይላል፤ ይህ ቤቱን ይለቃል፣ እርስዎን ግን አይለቅም። ሌላው ቀሪው ዕዳ ሙሉ በሙሉ ተሰርዟል፣ ከእንግዲህ አልጠይቅም ይላል። የሚፈልጉት ሁለተኛውን ነው። ስለ ቀሪው ዕዳ ዝም ያለ ደብዳቤን "ዝም ካለ ምሮኛል" ብለው አይተርጉሙት። ዕዳው ለሰብሳቢ ድርጅት ተሽጦ ከዓመታት በኋላ ሊመጣ ይችላል።

ነገሩ እንደ ግዛቱ ይለያያል። ካሊፎርኒያ ከ2011 ጀምሮ ሾርት ሴሉን የፈቀደ ባንክ ጎዶሎውን እንዳይጠይቅ በሕግ ከልክላለች፤ እስከ አራት ቤተሰብ ለሚይዝ መኖሪያ። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ ግን የሚጠብቅዎ ደብዳቤው ላይ ያለው ቃል ነው። ባንኩ በምትኩ ትንሽ ካሽ ወይም የክፍያ ውል ቢጠይቅ እሱም ድርድር አለው። ደብዳቤውን ጠበቃ ያንብበው፤ የአንድ ሰዓት ክፍያ ነው። የሚያበቃበትንም ቀን ይዩ፤ ገዢው ከዚያ ቀን በፊት መዝጋት ካልቻለ ፈቃዱ ይወድቃል።

የተሰረዘው ዕዳ ታክስ አለው?

ሊኖረው ይችላል። ባንኩ 600 ዶላርና ከዚያ በላይ ከሰረዘ 1099-ሲ የሚባል ቅጽ ይልካል፤ የታክስ መሥሪያ ቤቱ አይአርኤስ ያንን እንደ ገቢ ይቆጥራል። ከ2007 ጀምሮ የመኖሪያ ቤት ዕዳን ከዚህ የሚያወጣ ሕግ ነበር፤ ኮንግረስ ደጋግሞ ሲያራዝመው ቆይቶ፣ የመጨረሻው ማራዘሚያ እስከ 2025 መጨረሻ፣ ጣሪያውም 750,000 ዶላር ነበር። ከዚያ በኋላ ለተሰረዘ ዕዳ፣ ስምምነቱ ቀድሞ በጽሑፍ ካልነበረ፣ ዕዳው በተሰረዘበት ዓመት ሕጉ ታድሶ እንደሆነ የታክስ ባለሙያዎን ይጠይቁ። ያ ሕግ ደግሞ ቤቱን ለመግዛት ወይም ለማሻሻል የወጣ ብድርን ብቻ ነው የሚሸፍነው። በሁለተኛው ብድር አዲስ አበባ ቤት የሠራ ሰው ያ ክፍል አይገባለትም።

ጊዜው የማያልፍበት ሌላ በር አለ። ዕዳው ከመሰረዙ በፊት ጠቅላላ ዕዳዎ ከጠቅላላ ሀብትዎ ይበልጥ ከነበረ፣ በልዩነቱ መጠን ከታክስ ነጻ ነዎት። ቅጽ 982 ይሞላል። ሀብት ሲባል የጡረታ ሂሳብም፣ አገር ቤት ያለው ንብረትም ይቆጠራል።

ከእኔ ጋር የፈረመ ዘመድ አለ፤ ባለቤቴ ደግሞ አዲስ አበባ ናት። ምን ላድርግ?

ወረቀቶቹን ለዩ። የቤቱ ካርታ ላይ ስሙ ያለ ሁሉ ሽያጩን መፈረም አለበት። ብድሩ ላይ የፈረመ ሁሉ ደግሞ ዕዳው አለበት። ለውለታ ብሎ ኮሳይን ያደረገ የአጎትዎ ልጅ ቤቱ ውስጥ አንድ ቀን ባያድርም ክሬዲቱ ይጎዳል። የእሱም ገቢ ይታያል። የፈቃድ ደብዳቤው ላይ የሁለታችሁም ስም ተጠቅሶ ዕዳው ለሁለታችሁም መሰረዙን ያረጋግጡ። ደብዳቤው እርስዎን ብቻ ነጻ ካወጣ፣ ሰብሳቢው የሚደውለው ለእሱ ነው።

አገር ቤት ላለ ሰው ውክልና ያስፈልጋል። አዲስ አበባ የአሜሪካ ኤምባሲ ቀጠሮ ይዞ ማስፈረም ይቻላል። የውክልናውን ጽሑፍ ግን ክሎዚንጉን የሚሠራው ቢሮ አስቀድሞ ይየው፤ የቤቱን አድራሻና ሥልጣኑን ለይቶ ካልጻፈ አይቀበሉትም። ቀጠሮው የባንኩን ቀን አይጠብቅም፤ ኦፈሩን በፈረሙ ማግስት ይጀምሩት።

ክሬዲቴ መቼ ይመለሳል? ዜግነቴንስ ይነካብኛል?

ሪፖርቱ ላይ ሰባት ዓመት ይቆያል። እንደገና ለመግዛት ግን ያን ያህል አይጠብቁም፦ በፋኒ ሜይ ደንብ በአጠቃላይ ከሾርት ሴል በኋላ አራት ዓመት፣ ከፎርክሎዠር በኋላ ሰባት፤ በኤፍኤችኤ ብዙውን ጊዜ ሦስት።

ሾርት ሴል ወንጀል አይደለም፤ በራሱ ለግሪን ካርድም ለዜግነትም እንቅፋት አይሆንም። የዜግነት ማመልከቻው ኤን-400 የሚጠይቀው ያልተከፈለ ታክስ እንዳለብዎ ነው። ስለዚህ ያ 1099-ሲ በፖስታ ሲመጣ መሳቢያ ውስጥ አይክተቱት። ነጻ ከሆኑ ቅጽ 982 ሞልተው ከታክስዎ ጋር ያስገቡ፤ ካልሆኑ ከአይአርኤስ ጋር የክፍያ ውል ገብተው የውሉን ወረቀትና ደረሰኞቹን ለቃለ መጠይቁ ይዘው ይሂዱ።